ትንፋሽ ስባ «አዎ» ያለችው ሜይ

ትምህርት ቤት ለምሳ ሰዓት ጠባቂነት የተቀጠራችሁ የሰፈሬ ልጆች «እማማ፣ ዝም የሚል ልጅ ሲገጥመን ምን እናድርግ? እስቲ የእርስዎን ያጫውቱን» ብላችሁኛል። ምክር የለኝም። የሜይን ነገር ግን ላጫውታችሁ።

ሥራ በገባሁበት ቀን አለቃዬ ፐርል፣ ጃማይካዊት ናት፣ ብርቱካናማ ሰደርያ አልብሳ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችልኝ። ምሳ ዕቃ መክፈት ላቃተው ክፈቺለት፣ ምግብ እንዳይቀያየሩ ተመልከቺ፣ ጠረጴዛ ጥረጊ፣ ደወል ሲደወል የጃኬታቸውን ዚፕ ዘግተሽ አሰልፊ አለችኝ። ፊሽካውን በጣም ወደድኩት። ያለ ምክንያትም ስነፋው ጊዜ ፐርል በሳምንቱ ቀማችኝ።

ሜይ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ ከቻይና ከመጣች ብዙም አልቆየች። ሴንት ጄምስ ታውን የሚባለው ሰፈር፣ እኛው ሕንፃ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ጥግ ላይ ትቀመጥና ቴርሞሷን ታቅፋለች እንጂ ክፈቺልኝ አትልም። አያቷ ምሳ ሰዓት መጥታ አጥሩ ጋ ቆማ በመስኮት ታያታለች። ስንገናኝ የልጅቷን ራስ እየዳበሰች «ጓይ፣ ጓይ» ትለኛለች። ጨዋ ናት ማለቷ እንደሆነ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። እኛስ ዓይን አፋር ልጅ ስናይ ሌላ ምን እንላለን?

መምህሯ ግን ሰጋች። ክፉ ሰው አይደለችም። ልጅቷ ሲጠይቋት አትመልስም፣ ከልጆች አትጫወትም፣ ሆዷ ባብቶ እንዳይሆን ብላ ነው። እስከ ገና ዕረፍት መልስ ካልሰጠች በአውቶብስ ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት፣ ልዩ ድጋፍ ለሚሹ ልጆች ለብቻው ወዳለ ክፍል ትዛወራለች ተባለ። ይህን ስሰማ የታየችኝ አጥሩ ጋ የምትቆመው አያቷ ናት።

እኔ ከዚያ ወዲያ አጠገቧ እየተቀመጥኩ በአማርኛ ማውራት ያዝኩ። እንግሊዝኛዬ ከአውቶብስና ከገበያ አያልፍም ነበር። የምክትል ዳይሬክተሩን ጫማ አማሁ፣ የፐርልን ዊግ አማሁ፣ የጎረቤቴን ባል አማሁ። ጠይቄ መልሱንም ራሴው እሰጣለሁ። የእኛን «አዎ» ታውቋት የለ፣ ድምፅ የላትም፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ነው። «ልክፈትልሽ?» እላታለሁ፤ ሳብ አደርግና እከፍታለሁ።

አንድ ቀን «ልክፈትልሽ?» ብዬ ገና ሳልመልስ፣ ከጎኔ ሳብ የሚል ተሰማ። ሜይ ናት። ቴርሞሱን ከፈትኩና ምንም እንዳልተፈጠረ ወሬዬን ቀጠልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ፐርል እየሮጠች መጥታ ወደ ኦፊስ ወሰደችኝ። ሜይ መስኮት ሥር ተቀምጣለች። አያቷ ተደውሎላት በነጠላ ጫማ በረዶ ረግጣ መጥታለች። መምህሯ ልጅቷን በጠየቀቻት ቁጥር ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ አስደንግጧታል። ወደ እኔ ዞራ አስም ይኑራት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያኔ ምን እንዳለች አልገባኝም። ያልገባኝን ደግሞ ሁሌም በአዎ ነው የማሳልፈው። ሳብ አደረግሁ።

እኔንም ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ውሃም መጣልኝ። መምህሯ ጀርባዬን እያሸች ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። አዎ ልላት ፈልጌ አሁንም ሳብ።

ሜይ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም፤ ከወንበሩ ልትወድቅ ነበር። ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ በእንግሊዝኛ፣ ጥርት አድርጋ፦

«አልታመመችም። አዎ ማለቷ ነው።»

መምህሯ እጇ ጀርባዬ ላይ ቀረ። ቀስ ብላ «ሜይ፣ እኔ ስጠይቅሽ ስትመልሺልኝ ነበር ማለት ነው?» አለቻት።

ሜይ ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

የአውቶብሱ ነገር በዚያው ቀረ። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ትንፋሽ እየሳበ መመለስ ጀመረ። ፐርል የዓሣ ገንዳ ሆነ እያለች ትስቅ ነበር።

እንግዲህ እኔ የማውቀው ይኼን ነው፤ ዝም የሚል ልጅ ይሰማል። ሐሜታችሁን መጥናችሁ አውሩ።

ከዓመታት በኋላ ሜይ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሳለች ሊፍት ውስጥ ተገናኘን። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም እንጂ አነጋገሯ አንቱ ነበር። ለማንም ሳትመልሺ ለእኔ እንዴት መለስሽልኝ ብዬ ጠየቅኋት።

«አያቴ አዝዛኝ ነው» አለችኝ። «‹እዚያ ምሳ ክፍል ያሉት ሴትዮ ዓይን አፋር ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ከሰው አይቀላቀሉም፣ ብቻቸውን ነው የሚያወሩት። አንቺ መልሺላቸው› አለችኝ።»