ከሰሚት ወሎ ሰፈር፣ ከወሎ ሰፈር ገርጂ፦ ጥቁርና ነጭ ፕሪንተር ፍለጋ

በዚህ ጉዞ ውስጥ ያለነው እነዚህ ነን። እኔ፣ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን በራሴ እያነበብኩ የተማርኩ አባት። ልጄ ሕይወት፣ የዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ። ከድር፣ ገርጂ ውስጥ ያገለገሉ የቢሮ ማሽኖች የሚሸጥ የወሎ ሰው። እማማ ለተብርሃን፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት። አንድ የታክሲ ረዳትም አለ፤ ስሙን አልጠየቅኩትም፤ መጠየቅ ነበረብኝ።

ማለዳ፣ ሰሚት

ቅዳሜ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ገና አልነቃም፤ የጥበቃው ሬዲዮ ብቻ ያወራል። ሕይወት ፍላሿን በቀሚሷ ኪስ ይዛለች። ፍላሿ ውስጥ ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች አሉ።

እነዚህን ጥያቄዎች እስከ ትናንት ታነብ የነበረው በስልክ ነው። ሲመሽ ዓይኗ ደም ይመስላል፣ ራሷን ያማታል፣ መጽሐፉንም ስልኩንም ትታ ትተኛለች። ያሳየናት ሐኪም «ወረቀት ላይ ታንብብ» አለን። ሰፈራችን ያለው ኮፒ ቤት በየገጹ የሚያስከፍለው በእነዚያ ሁሉ ጥያቄዎች ሲባዛ የሚቻል አልሆነም። ፈተናው ደግሞ ደርሷል። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ፕሪንተር አንዴ ለመግዛት ይበቃል፤ አንዴ ለመሳሳት ግን አይበቃም።

«አባዬ፣ ጥቁርና ነጭ ይበቃናል፤ የዱቄት ቀለም፣ ቶነር የሚጠቀመውን» አለችኝ መገናኛ ታክሲ ስንቀይር።

«ሰው ከለር እያለ ጥቁርና ነጭ ይገዛል?» አልኳት። እንዲያ ነበር የማስበው።

ረፋድ፣ ወሎ ሰፈር

የመኪና ጥሩምባ፣ የጋራዥ ብየዳ፣ የሆቴል በር ላይ ሻንጣ የሚጎትቱ ሰዎች። መስታወቱ የሚያብለጨልጭ ሱቅ ገባን። ሻጩ ጸጉሩን የተሠራ ወጣት ነው።

«ፋዘር፣ ይሄን ይውሰዱ። ያትማል፣ ስካን ያደርጋል፣ ኮፒ ያደርጋል፤ ከለር ነው ደግሞ። አሥራ አራት ሺህ ብቻ!»

«እኔ ፋዘርህ አይደለሁም» አልኩት። ዋጋው ግን ልቤን ወሰደው። እጄ ወደ ኪሴ ሲሄድ ሕይወት ቀደመችኝ።

«ቀለሙ ሲያልቅ በስንት ይገዛል?»

«አራቱም ከለር? እ... አምስት ሺህ አካባቢ።»

«ስንት ገጽ ያወጣል?»

«እንደ አጠቃቀሙ ነው የኔ ቆንጆ።»

«ሁለት ወር ሳንነካው ብንቀመጥስ?»

ልጁ ሳቀ። «ሊደርቅ ይችላል እንግዲህ። አንቺ ኢንተርቪው ላይ ነሽ እንዴ?»

እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ወጣቱ ስላልዋሸን አመሰግነዋለሁ። ለአንባቢም አንድ ምክር ልጣል፦ ዕቃ ርካሽ ሆኖ ስታገኙት፣ ከተገዛ በኋላ በየወሩ ምን እንደሚበላ ጠይቁ። እኔ ይህን ለመጠየቅ ልጄ ታስፈልገኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ገርጂ

ምሳችንን ሽሮ በልተን ገርጂ ስንደርስ ፀሐይዋ ከርራለች። የከድር ሱቅ ጠባብ ናት፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ፕሪንተር ተደርድሯል፤ አንዱ ተፈታትቶ እንደ ተበለተ ዶሮ ጋዜጣ ላይ ተዘርግቷል።

«ቤት ነው ቢሮ?» አለ ከድር።

«ቤት። ለተማሪ።»

አንድ አመድማ ሌዘር ፕሪንተር አወረደ። «ያገለገለ ነው፣ አልደብቅዎትም። ግን ቶነሩ በየቦታው ይገኛል፤ ሲያልቅም ዱቄቱን ብቻ እንሞላለን። አሥራ ስምንት ሺህ።»

«ሳላይ አልገዛም።»

«ይዩ እንጂ!»

ሕይወት ፍላሿን ሰጠችው። ወረቀቱ ትኩስ ሆኖ ወጣ፤ ፊደሉ ጥርት ያለ ጥቁር። እኔ እንኳ ያለ መነጽር አነበብኩት። ተከራክረን በአሥራ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ተስማማን።

ከድር ሊጠቀልለው ሲል «ቶነሩን ላውጣና ለብቻው ልጠቅልለው፤ መንገድ ላይ ይደፋል» አለ።

በልቤ «የሞላውን አውጥቶ ባዶ ሊሰጠኝ ነው» አልኩ። በአፌ «እንዳለ ይሁን፣ እንዳትነካው» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና «እሺ አባቴ፤ ብቻ እንዳያጋድሙት» አለ።

ወደ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ

ረዳቱ ገና ስንገባ «አባት፣ ለዕቃው ወንበር ይከፈላል፤ ሃያ ብር!» አለ።

«ወንበር የሚከፈለው ለሚቀመጥ ሰው ነው» አልኩ። «ነገሩ የሃያ ብር አይደለም፤ የመርህ ነው!» ብዬም ጮክ አልኩ። ፕሪንተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አልበቃ ሲል አጋድሜ ያዝኩት።

«አባዬ፣ አታጋድመው!»

«ዝም በይ፣ ይዤዋለሁ።»

ጃክሮስ ጋ ሾፌሩ ጉድጓድ ገባ። ጥቁር ዱቄት ቡፍ ብሎ ወጣ። ሱሪዬ ላይ፣ ጫማዬ ላይ፣ ከሁሉም በላይ አጠገቤ የተቀመጡት የእማማ ለተብርሃን ሳሙና የሚሸት ነጭ ነጠላ ላይ።

«በስመ አብ! ከሰል ነው የጫንከው?» አሉ እማማ።

ከኋላ አንዱ «የመርሁ አቧራ ነው!» ብሎ ታክሲውን አሳቀው። የምገባበት ጠፋኝ።

«እማማ፣ ውኃ እንዳይነካው፤ በደረቁ እናራግፈው» እያለች ሕይወት አለቀሰች። ያለቀሰችው ለነጠላው እንዳልነበር እሳቸውም ገባቸው።

«ምንድን ነው ልጄ?»

ፈተናውንም ዓይኗንም ነገረቻቸው። እማማ ቦርሳቸውን ከፍተው ለረዳቱ ሃያ ብር ሰጡት። «በል፣ ለማሽኑ ወንበር ስጠው። ልጅቷ ልትማርበት ነው። አባቷ ደግሞ መርሁን ይታቀፍ!» ረዳቱ ራሱ ፌስታል አምጥቶ ጠቅልሎ አስተካክሎ አስቀመጠው። የነጠላውን ዋጋ ልክፈል ብዬ ስለምናቸው «ሂድ ወዲያ፣ ነጠላ ይታጠባል» ብለው ወደ አያት ሰፈር ሊቀጥሉ ታክሲው ውስጥ ቀሩ፤ እኛ ሰሚት ወረድን።

ማምሻውን፣ ቤት

አራገፍነው፣ ጠረግነው፣ ሰካነው። የወጣው ወረቀት ባዶ ማለት ይቻላል፤ ጥያቄው ጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው ይታያል። ሕይወት ስልኳን አንስታ ወደ መኝታዋ ሄደች። ከወቀሳ ይልቅ ይህ ከበደኝ።

ከድር ጋ ደወልኩ። ቤቱ ወደ እኛው አቅጣጫ ስለሆነ ሱቁን ዘግቶ ሲመለስ የዱቄት ጠርሙስ ይዞ መጣ። ቶነሩን አውጥቶ እየሞላ ፈገግ አለ።

«አባቴ፣ ጠርጥረውኝ ነበር አይደል?»

«አዎ፤ ባዶ ትሰጠኛለህ ብዬ ነው።»

«አውቄያለሁ። ዓይንዎ ቶነሩ ላይ ተሰፍቶ ነበር እኮ!» ሳቀ። በሰባት መቶ ብር ለሚሸጠው ዱቄት ክፍያ አልቀበልም አለ። «የዛሬው በእኔ፤ የሚቀጥለውን ግን አስከፍላለሁ!»

የመጀመሪያው ገጽ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ሕይወት ከመኝታ ክፍሏ ድምፁን ሰምታ መጣች፤ ወረቀቱን ከመብራቱ ሥር ይዛ፣ ዓይኗን ሳታጨማድድ፣ እስከ መጨረሻው አነበበች። «አባዬ፣ ሁለተኛው ገጽስ?» አለች። ልጄን፣ ከድርን፣ እማማን፣ ያን ረዳት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን ሒሳቡ። እኔ ለፕሪንተሩ፣ ለአንድ ደስጣ ወረቀትና ለሁለታችን ታክሲ አሥራ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ብር አውጥቻለሁ። ከድር የሰባት መቶ ብር ዱቄት። እማማ ለተብርሃን ሃያ ብር፣ እኔ በመርህ እምቢ ያልኳት ሃያ ብር። ለሁላችንም ተደምሮ አሥራ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ብር ሆነ። የነጠላው ዋጋ አልገባበትም፤ እማማ ሊነግሩኝ አልፈለጉም።