ዘጠኝ ለሦስት

የእህቴ ባል በዚህ ዓለም ላይ ከማንም አስበልጦ የሚወደው ማስመሪያውን ነው። ጫፏ የተሸረፈ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር የፕላስቲክ ማስመሪያ በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞ ይዞራል። ለሠርጉ ቀን እንኳ ፕሮግራም አስምሮ ነበር። እህቴ ሙሽራ ሆና እናታችን ትከሻ ላይ ስታለቅስ፣ እሱ ከጎኗ ቆሞ የፎቶግራፉ ሰዓት እንዳያልፍ የእጅ ሰዓቱን ሲያይ ዐየሁት። የናቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤን የሚያስቀይር ነገር አላገኘሁም።

እሱ ምክትል ርዕሰ መምህር በሆነበት ትምህርት ቤት እኔ ጸሐፊ ነኝ። ደብዳቤውን ሁሉ የምተይበው እኔ ስለሆንኩ ስለ እሱ የማወራው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ቤት ውስጥ "አንቺ" ይለኛል፤ የቢሮውን ደፍ ሲሻገር "እርስዎ" እሆናለሁ። የሥራ ሥነ ሥርዓት ነው ይላል።

አባቱን አያውቅም። ከዚህ በአውቶቡስ ሁለት ቀን በምታስኬድ ትንሽ ከተማ ዳር፣ እናቱ የኮክ ዛፍ እየተከሉ፣ ፍሬውን እየሸጡ ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። በሒሳብ ጎበዝ ነበር፤ ይኼን አልክድም። አሥራ አምስት ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። ተማሪዎቹ ከረጅሙ እረፍት ሲመለሱ ክፍልፋይ የሚባለውን ነገር ጭልጥ አድርገው ረስተው ስለሚመጡ በየዓመቱ አንጀቱ ያርር ነበር። አንድ ዓመት ትምህርት ሲዘጋ ፈተና ሰጠ፤ ሁለት ወር ቆይቶ ሲከፈት ያንኑ ፈተና ደገመው። ግማሹ ክፍል ወደቀ። ያቺን የውጤት ወረቀት በላስቲክ አስለብጦ ለዐየው ሰው ሁሉ ሲያሳይ ከረመ።

ምክትል በሆነ በዓመቱ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይዘጋ ትምህርት ቤት የሚል ሐሳብ ይዞ ብቅ አለ። ተማሪው በአራት ቀለም ይከፈላል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ። እያንዳንዱ ቀለም ዘጠኝ ሳምንት ይማራል፣ ሦስት ሳምንት ያርፋል። እረፍቱ በተራ ስለሆነ ምንጊዜም ሦስቱ ቀለሞች ክፍል ውስጥ ናቸው፣ አንዱ ቤቱ ነው። ርዕሰ መምህሩ ጡረታቸውን የሚጠብቁ እንቅልፋም ሰውዬ ናቸው፤ "ጥሩ ነው፤ አንተው ያዘው" ብለው ፈረሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተማሪው የእህቴን ባል "ዘጠኝ ለሦስት" ብሎ ጠራው። እሱ እንደ ሹመት ነው የቆጠረው።

ጥቅም አልነበረውም ብዬ አልዋሽም። ዘጠና ልጅ ይታጨቅባቸው የነበሩ ክፍሎች ወደ ስድሳ ምናምን ወረዱ። ክፍልፋዩንም አልረሱትም፤ ሦስት ሳምንት ለመርሳት አይበቃማ። አንድ ልብስ ሰፊ፣ ልጁ ሁለት ወር ሙሉ መንገድ ለመንገድ ሲንከራተት ይውልበት የነበረ፣ ቢሮ ድረስ መጥቶ መርቆት ሄደ። ጭራሽ ያበላሸው ያ ምርቃት ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ደረቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ በሩ ጠበበው።

ጉዱ የመጣው በአንድ ቤት ልጆች ነው። ቀለሙን የደለደለው በዕጣ ስለነበር ወንድም ቢጫ፣ እህት አረንጓዴ ሆኑ። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይማራል፤ ቤተሰብ አንድ ላይ የሚያርፍበት ቀን ከዓመቱ ውስጥ ጠፋ። ወላጅ ተሰለፈ። ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቼን አንድ ቀለም አድርግልኝ። እሱ ለሰልፉ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን አዘጋጀ፣ ለልመናው ደግሞ ቅጽ አስተየበኝ። ተቀባይነት ያላቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ የሐኪም ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የቅርብ ዘመድ ሞት። ለሞት የአንድ ቤት ልጆች በአንድነት አምስት ቀን ይፈቀድላቸዋል። ሌላውን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መለሰው።

የገዛ ልጆቹስ? ትልቋ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ሰማያዊ ወጣች። ትንሿ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ብርቱካናማ ወጣች። እህቴ ለመነችው።

"የአንድ ደቂቃ ሥራ እኮ ነው" አለችው።

"ለልጆቹ አዳላ እንድባል ነው?" አላት።

ሐቀኛ ነው የሚሉት አሉ። እኔ አላምንም። ሐቀኛ መባል ይወዳል እንጂ፣ የሚያይለት ሰው ባይኖር ኖሮ እነዚያን ልጆች በዚያችው ደቂቃ አንድ ቀለም ያደርጋቸው ነበር።

ዱሮ ረጅሙ እረፍት ሲመጣ ሁለቱም የሚሄዱት እናቱ ዘንድ ነበር። እህቴ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ በዓመት ፈቃዷ ወስዳቸው ትመለስና ሁለት ወር ሙሉ ኮክ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው፣ ጉልበታቸው ተጫጭሮ፣ ድምፃቸው በጩኸት ጎርንኖ ይመጡ ነበር። እናቱም ዓመቱን የሚኖሩት ያንን ሁለት ወር እየጠበቁ ነው። አሁን ለሦስት ሳምንት ብሎ አንዷን ብቻ የሁለት ቀን መንገድ ማን ያመላልሳታል? ትንሿ እረፍቷን የቤቱን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ብቻዋን ትውል ጀመር። አንድ ቀን ብቸኝነቱ ቢጠናባት ዩኒፎርሟን ለብሳ ትምህርት ቤት መጣች። ዘበኛው "ብርቱካናማ እረፍት ላይ ነው፣ መግባት ክልክል ነው" አላት። ክልከላውን የፈረመው አባቷ ነው። በመስኮት ዐይቻት ሮጬ ወጣሁና ዘበኛውን ገላምጬ አስገባኋት፤ እስከ ማታ እኔ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ሥዕል ስትሥል ዋለች። ልጆቹ አያታቸውን ሳያዩ ዓመቱ እንዲህ አለፈ።

በሁለተኛው ዓመት እናቱ ራሳቸው መጡ። ከአውቶቡስ ወርደው ቤት እንኳ ሳይደርሱ፣ አንድ ዘምቢል ኮክ ይዘው በቀጥታ ትምህርት ቤት። ኮሪደሩ በወላጅ ተሞልቷል። በጓሮ በር ላስገባቸው ብል እንቢ አሉ።

"ሰው ተሰልፎ የለም እንዴ ልጄ? ቁጥሬን ስጪኝ" አሉ።

አሥራ አራት ደረሳቸው። ሦስት ሰዓት አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ተራቸው ደርሶ ስጠራቸው ዘምቢላቸውን አንጠልጥለው ገቡ። የእሱና የእኔ ቢሮ የሚለየው በአንድ በር ነው፤ በሩም አይዘጋም።

"እማዬ! ምነው ቤት አትጠብቂኝም ነበር?" አለ፤ ግማሽ ተነሥቶ።

"ቤትማ አባት ነህ። የሚወስነው እዚህ ያለው ነው አሉኝ።"

ተመልሶ ተቀመጠ።

"ልጆቹን ልወስድ ነው የመጣሁት። ሁለቱንም። አንድ ወር ይበቃኛል" አሉ።

"አሁን እረፍት ላይ ያለችው ትንሿ ናት። እሷን ውሰጂ።"

"አንዷን ምን ላድርጋት? ከእኔ ከአሮጊቷ ጋር ተፋጣ ልትውል? እህቷ ከሌለች ከማን ጋር ትጫወታለች?"

"ትልቋ ትምህርት ላይ ናት፣ እማዬ።"

"ትምህርቱ የትም አይሄድም። የምሄደው እኔ ነኝ።"

ሰው የሆነ ሰው እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። የእህቴ ባል ግን መሳቢያውን ስቦ ቅጹን አወጣ። ለወለዱት እናቱ! በማስመሪያው ጫፍ እየጠቆመ ሦስቱን ምክንያቶች አንድ በአንድ አነበበላቸው።

"ሐኪም ቤት አልሄድኩም። ፍርድ ቤትም ቆሜ አላውቅም" አሉ። "ያንን ሦስተኛውን እስቲ ድገምልኝ።"

"የቅርብ ዘመድ ሞት።"

"እኔ ብሞት ማለት ነው?"

"እማዬ፣ ምን ዓይነት ወሬ ነው?"

"ስንት ቀን ነው የምትፈቅድላቸው?"

"አምስት ቀን" አለ፤ ድምፁ አነሰ።

እናቱ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ጣቶቻቸውን ማጠፍ ጀመሩ። "ለመምጫ ሁለት ቀን። ለመመለሻ ሁለት ቀን።" አንዲት ጣት ቀረች፤ አዩዋት። "እንግዲያው ሞቼ አንድ ቀን ያገኙኛል።"

ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እኔ የምተይበውን ትቼ አንገቴን አቀረቀርኩ። የእሱ ጆሮ እንደ በርበሬ ቀላ። አሁን ይነሣል፣ አሁን እግራቸው ላይ ይወድቃል ብዬ ጠበቅሁ።

"ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው" አለ በመጨረሻ። "ላንቺ ብዬ ብከፍተው ነገ መቶ ሰው ይሰለፍብኛል።"

"ይሰለፋ። ሰው እንድትሰማ አይደል እንዴ እዚህ ያስቀመጡህ?"

ዘምቢሉን ቅጾቹ ላይ አስቀምጠውለት ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት እሱ እንደ ልማዱ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ሥራው ሲሄድ፣ እናቱ ሁለቱን ልጆች ግራና ቀኝ ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሻንጣውን ያሰርነው እኔና እህቴ ነን፤ ዛሬም ይቆጨኛል አልልም። ትንሿ ከደስታዋ ብዛት ጫማዋን የግራውን በቀኝ አድርጋ ነበር የሄደችው።

ረፋድ ላይ የቀሪ ተማሪዎች ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ደረሰ። ከሰማያዊዎቹ አንዲት ተማሪ ቀርታለች፤ የእሱ ልጅ። ሌላ አባት ቢሆን ይቆጣል፣ ይደውላል፣ ተከትሎ ይሄዳል። እሱ ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ ስሟ አጠገብ ምልክት አደረገ። አንድ ተማሪ ያለ ፈቃድ ሦስት ቀን ከቀረ ለወላጅ ደብዳቤ ይጻፋል፤ አሥራ አምስት ቀን ከቀረ ከመዝገብ ይሰረዛል። በአራተኛው ቀን ጠራኝ።

"ደብዳቤ ይተይቡልኝ" አለኝ።

"ለማን?"

"ለተማሪዋ ወላጅ አባት።"

"ወላጅ አባቷ እርስዎ ነዎት እኮ።"

"አውቃለሁ። ይተይቡ።"

ተየብኩ። "ክቡር ወላጅ፣ ልጅዎ በትምህርት ገበታዋ ላይ ስላልተገኘች በአስቸኳይ ይዘዋት እንዲቀርቡ" የሚል ነው። በምክትል ርዕሰ መምህርነቱ ፈረመበት፤ ማኅተም መታሁበት። ከዚያ ለተንኮል ብዬ የደብዳቤ መረከቢያውን መዝገብ ፊቱ ዘረጋሁለት። ሳያመነታ ደብዳቤውን ተረክቤአለሁ ብሎ በወላጅነቱ ፈረመ። ማን ያምነኛል? ከዚያ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ፣ የገዛ ደብዳቤውን ከሰው እንደተላከለት ሁሉ ግንባሩን ቋጥሮ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን እህቴ ቢሮ ድረስ መጣች፤ የነርስ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

"አስፈቅዳለች ብለህ ጻፍና በቃ" አለችው።

"በየትኛው ምክንያት?"

"በአባቷ ፈቃድ ነዋ!"

"እሱ ቅጹ ላይ የለም" አላት፤ ማስመሪያውን የልጁ ስም ላይ አስተካክሎ አስቀመጠና መስመሩን አሰመረ። ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ መስመር ነበር። እህቴ ጥላው ወጣች። እኔ ምራቄን ልተፋ ምንም አልቀረኝም ነበር።

በእሱው ደንብ የተሰረዘ ተማሪ በዓመቱ ውስጥ ተመልሶ አይመዘገብም። እናቱ ትልቋን እዚያው ከተማቸው ያለ ትምህርት ቤት አስገቧት። ትንሿ ሦስት ሳምንቷ ሲያልቅ "ያለ እህቴ አውቶቡስ አልወጣም" ብላ በር ይዛ አለቀሰች፤ እሷንም አስመዘገቧት። እህቴ ሁለት ወር ቻለችው፤ ከዚያ እዚያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ዝውውር ጠይቃ ሄደች። አልዋሽም፤ ያ ትምህርት ቤት ገነት አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ ከዘጠና በላይ ናቸው፣ ለአንድ ዴስክ አራት። እንደ ዱሮው ሁለት ወር ይዘጋል። ትልቋ ክፍልፋይ እየጠፋባት ነው ብላ እህቴ ነግራኛለች።

ዘጠኝ ለሦስት ሙያው ሰመረለት። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ሰዎች እየመጡ ቢሮውን ይጎበኛሉ። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ሰሌዳ አለው፤ የእያንዳንዱ ክፍል፣ የእያንዳንዱ መምህር፣ የጽዳት ሠራተኞቹና የዘበኞቹ ሳምንታት በአራት ቀለም ተቀብተውበታል። እኔ ቢጫ ነኝ። እሱ እያስረዳ፣ እንግዶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይውሉና፣ ሲሄዱ እሱም ማንም ወደማይጠብቀው ቤቱ ይገባል። ሸሚዙን ራሱ ሲተኩስ አንገትጌውን አንድ ሁለት ጊዜ አቃጥሎት ዐይቻለሁ፤ አላዘንኩለትም።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ የቢሮው ስልክ ጮኸ። ትንሿ ናት። የስልኩን ድምፅ ማጉያ ስለከፈትኩት እሱም ከቢሮው ወጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"አባዬ! ትምህርት ተዘጋ! ሁለት ወር! ኮኩ በስሏል፤ አያቴ ለአባትሽ አስቀምጪለት አለችኝ። መቼ ነው የምትመጣው?"

"እረፍት ስወጣ እመጣለሁ፣ የኔ ቆንጆ።"

"መቼ ነው የምትወጣው? አንተ የትኛው ቀለም ነህ?"

ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ አልሳቀም። በተከፈተው በር ወደ ሰሌዳው ዞረ፤ ሄዶ ፊቱ ቆመ። ከላይኛው ረድፍ ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ ወረደ። መምህራኑን ጨረሰ፣ እኔን አለፈ፣ ዘበኞቹን አለፈ፣ የመጨረሻው የጽዳት ሠራተኛ ላይ ደረሰ። ሦስት ቀለም ክፍል ውስጥ የሌለበት ሳምንት የለም፤ ያለ ምክትል የሚያልፍ ሳምንትም የለም። እንደገና ከላይ ጀመረ።

"አባዬ? አለህ?"

"አለሁ" አለ፤ ጣቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። "ነገ ደውዪልኝ እሺ? እየፈለግሁ ነው።"