ዳሀቦ ያጸዳችው ኮምፒዩተር

ዳሀቦ በዘጠኝ ዓመቷ ከሀርጌሳ ጦርነት ሸሽታ ድሬዳዋ፣ አክስቷ ቤት አደገች። አማርኛውንም ኮምፒዩተሩንም እዚያው ተምራ፣ ሀርጌሳ እንደገና መሠራት ስትጀምር ተመለሰች። ጋአን ሊባህ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት ክፍል ብቻ ባለው የፈንጂ አምካኞች ቢሮ ተቀጠረች። እረኞችና ሽማግሌዎች ፈንጂ የት እንዳለ ሲናገሩ ቦታው ድረስ ሄዳ ትሰማለች፤ ተመልሳ ኮምፒዩተር ላይ ትጽፋለች። እያንዳንዱ ቦታ አንድ ማኅደር አለው፤ በየማኅደሩ ውስጥ ያንኑ «ቅጽ» የሚል ስም ሰጥታ ፋይሉን ታስቀምጣለች።

በፈረንጆቹ 2003 መጀመሪያ ላይ ኮምፒዩተሩ መንፏቀቅ ጀመረ። አንድ ገጽ እስኪከፍት ሻይ ተጠጥቶ ያልቃል፤ አንዳንዴም መሐል ላይ ድርቅ ብሎ የጻፈችውን ሁሉ ይዞባት ይጠፋል። የምታውቀው ነጋዴ ከዱባይ ያመጣውን ሲዲ አዋሳት። ኮምፒዩተር የሚያፈጥኑ ፕሮግራሞች የታጨቁበት ነው። ረቡዕ ጠዋት ቫይረስ ፈላጊውን አስኬደች፤ ሦስት ያዘ። ቀጥላ የተደጋገሙ ፋይሎችን የሚያጠፋውን ከፈተች። ፕሮግራሙ የሚያወዳድረው ስምን ብቻ መሆኑን አላወቀችም። «ሁለት መቶ አሥራ አራት ተደጋጋሚ ፋይሎች ተገኝተዋል፤ ይጥፉ?» አላት። እሺ አለች። የተጣሉ ፋይሎች የሚቆዩበትን ቆሻሻ መጣያም ባዶ አደረገች። በመጨረሻ የተበታተነውን ዲስክ መልሶ የሚያደራጀውን ለቀቀችው፤ እስከ ከሰዓት ሲሠራ ዋለ። ኮምፒዩተሩ እንደ አዲስ ፈጠነ።

በማግስቱ የአምካኞቹ አለቃ ዒሴ መጣ።

«የአያሃን ሰፈራ ቦታ ቅጾች አትሚልኝ። ቅዳሜ ስልሳ ቤተሰብ ይሰፍራል፤ የቱን እንደምናጥር ዛሬ መወሰን አለብን።»

ማኅደሩን ከፈተች። ባዶ ነው። የሚቀጥለውን ከፈተች፤ እሱም ባዶ።

«ማተሚያው ቀለም ጨርሷል» ብላ ዋሸችው።

በእጅ የተጻፉት ደብተሮች ባለፈው ዝናብ ጣራው አፍስሶባቸው ቀለማቸው ተሟጥጧል። ፍሎፒዎቹ ላይ ያለው ቅጂ ደግሞ የአያሃ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የተገለበጠ ነው። ኮምፒዩተሩን ነቅላ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ አየር ማረፊያው ሄደች። እዚያ ጋሽ መስፍን የሚባል የአዲስ አበባ ሰው የአንድ አየር መንገድ ኮምፒዩተሮችን ይጠግናል።

«ካጠፋሽው በኋላ ምን አደረግሽ?» አላት።

«ዲስኩን አደራጀሁት፣ ጋሼ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ምነው ዳሀቦ! ፋይል ሲጠፋ እኮ የሚፋቀው ስሙ ነው። ጽሑፉ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። አንቺ ስታደራጂው ሌላውን ሁሉ እላዩ ላይ አሰፈርሽበት።»

«ምንም አይተርፍም?»

«እንሞክር።»

ተጨማሪ ነገር እንዳይጻፍበት ዲስኩን አውጥቶ ከራሱ ኮምፒዩተር ጋር አገናኘውና የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን ፕሮግራም አስነሳ። ከአርባ አንዱ የአያሃ ቅጾች አሥራ አምስቱ ሙሉ ወጡ። ዘጠኙ ግማሽ ናቸው። የቀሩት አሥራ ሰባቱ የጥያቄ ምልክትና ትንንሽ ሳጥን ብቻ ሆነዋል። ዳሀቦ ከሳጥኖቹ መሐል ፊደል የምታገኝ ይመስል መስታወቱን በጣቷ እየተከተለች አየች።

«አንዴ ድገመው፣ ጋሼ።»

«ሦስት ጊዜ ደገምኩት እኮ፣ እህቴ።»

በሚኒባስ ስትመለስ አንድ ሐሳብ መጣባት። በአሥራ ሰባቱ ቦታዎች ላይ «ከአደጋ ነፃ» ብላ ብትጽፍ የሚያውቅባት የለም። «አስተግፊሩላህ!» አለች ጮክ ብላ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ዞራ አየቻት።

ዒሴን ግቢው በር ላይ አገኘችውና ሁሉንም ነገረችው። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«ስንቱ ነው የጠፋው?»

«አሥራ ሰባቱ።»

«ቅዳሜ ማንም አይገባም» ብሎ ተነሳ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን መንገዱ ላይ አግድም አቁሞ ሰፋሪዎቹን የጫኑትን የጭነት መኪናዎች አስቆመ። ዳሀቦ አብራው ሄዳለች፤ ቅሪ ቢላት እምቢ አለች። ኢስታሂል የምትባል የአራት ልጆች እናት ከመኪናው ወረደች።

«ማነው የከለከለን?»

«በእኔ ምክንያት ነው። ፈንጂ ያለበትን ቦታ የሚናገረውን ጽሑፍ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ሦስት ዓመት ላስቲክ ሥር ኖሬ፣ እሱንም አፍርሼ ነው የመጣሁት! እነዚህን ልጆች አሁን የት ልመልሳቸው?»

መኪናዎቹ ዞሩ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የጠፋውን ለመሙላት ከሰው ሰው ዞረች። አብዛኞቹ እንደገና ነገሯት። ፈንጂ ይኖርባቸዋል ብሎ አምስት ቦታ ያሳያት የግመል እረኛው ሮብሌ ግን ከወር በፊት ሞቷል። ሳሉን ታስታውሳለች፤ ዱላውን እንዴት እንደቀሰረም ታስታውሳለች። «ከውኃ ጉድጓዱ ወደ ምሥራቅ» ብሏት እርምጃ ቆጥሮላት ነበር። ስንት? አርባ? ስልሳ? ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች።

«አርባ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል ብለሽ ሰው ላስረግጥ?» አላት ዒሴ።

ሮብሌ ያሳያትን ኮረብታ በሙሉ አጠሩት። አምካኞቹ በደረታቸው ተኝተው፣ መሬቱን ስንዝር በስንዝር በቀጭን ብረት እየወጉ አምስት ወር ፈተሹት። ሁለት ፈንጂ አወጡ። አንደኛው ከጉድጓዱ አምሳ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ቦታው ለሰፋሪዎቹ ሲታደል ስም የምትጠራው ዳሀቦ ነበረች። ከስልሳው አሥራ አንዱ ቤተሰብ ሳይጠብቅ ተበትኗል። የኢስታሂልን ስም ሦስት ጊዜ ጠራች፤ አቤት ያለ የለም። ገበያ ለገበያ ጠየቀች። አንዲት ወተት ሻጭ፣ ኢስታሂል ልጆቿን ይዛ ወደ ቡርኦ ከተማ መሄዷን ነገረቻት፤ ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ አልተገኘም።