አያቴ ያላመኑት አከራይ

አያቴ ወሬ ይዞ የመጣን ሁሉ «አንተ በምን አወቅህ?» ይሉት ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ደባርቅ ቤት ተከራይቼ ስማር አረገዝኩ። አከራዬ ስኳር ይዞ ጃናሞራ አያቴ ቤት ድረስ መጣና «አባቴ፣ ከወንዶች ጋር አትዙሪ ብዬ ብመክራት እምቢ አለች» አላቸው። መንደሩ አመነው። አያቴ ግን ስኳሩን መልሰው «ሳትጠራ ይህን ሁሉ መንገድ ለምን መጣህ?» አሉት። እሱ ሲሄድ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እሱ ራሱ ነው?»

አዎ ማለት አቅቶኝ አለቀስኩ። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ። እሱ ተፈረደበት፤ እኔም ወልጄ ትምህርቴን ጨረስኩ። ወሬው ግን አልቆመም።

ባለፈው ሳምንት አያቴን ቀበርናቸው። ለቅሶው ላይ፣ እሳቸው የሚቀመጡበት መደብ ባዶ ሆኖ፣ ሁለት ሴቶች ስለ ልጄ አባት ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። መደቡ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩና «እኔን ጠይቁኝ» አልኳቸው።