ሲቆጡ በምን እናውቃለን?

«ሮዛሺያ የሚባል የቆዳ ሕመም ነው፤ ፀሐይና በርበሬ ያባብሱታል እንጂ ለሰው አይጋባም» አለችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ የጉንጬን ቅላት አይታ። ወደ ተማሪዎቼ እንዳይጋባ ፈርቼ፣ በዚያ በቆቦ ሙቀት ጉንጬን በነጠላ ሸፍኜ ሳስተምር ዓመት አልፎኝ ነበር። ተመስገን ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ፊቴን ገልጬ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ እርስ በርስ ተያዩ።

«ምነው?» አልኳቸው።

«ቲቸር፣ ፊትዎ ቀልቷል፤ ተቆጥተው ነው?»

«ቆዳዬ ነው እንጂ አልተቆጣሁም።»

አንዷ ከኋላ፣ «ታዲያ ሲቆጡ በምን እናውቃለን?» ብላ ክፍሉን በሳቅ ሞላችው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ለዓመቱ መዝጊያ ፎቶ ስንነሳ፣ የያኔ ተማሪዎቼ፣ ሳልሸፋፈን መሀላችሁ ቆምኩ። ዛሬ ከአገር ርቄ ሳለሁ ያ ፎቶ ናፈቀኝ። እጃችሁ ላይ ካለ፣ ልጆቼ፣ በእመብርሃን ላኩልኝ፤ ቅላቱን ግን በስልካችሁ እንዳታጠፉብኝ።