የቢያድግልኝ ዓይኖች

መተማ ዮሐንስ ውስጥ ካሜራው አቧራ የገባበት፣ ሌንሱ የደበዘዘበት፣ ፍላሹ አልበራ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው መምህር ደረበን ነው። እሱም አያሳፍርም። ዕቃውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ያነሳና አገላብጦ ያየዋል፤ ከዚያ ምክሩን ይጀምራል። ምክሩ ሳያልቅ ደግሞ ካሜራው ለባለቤቱ አይመለስም።

ደረበ የሳንጃ ልጅ ነው። እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። አግብቶ ነበር፤ ሚስቱ ሙቀቱንም ካሜራውንም አልቻለቻቸውም ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ አንድ ነው፤ ያወቀውን ነገር ሌላ ሰው ሊያርመው ሲሞክር ጆሮው ይደፈናል። ተማሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ሰሌዳ ላይ የተሳሳተውን ራሱ እስኪያገኘው ዝም ብለው ይጠብቁታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች የሐሚድ ልብስ ስፌት ቤት ፊት ለፊት፣ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ። ሐሚድ የገዳሪፍ ሰው ነው። የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ድንበሩን በእግሩ ሲሻገር የስፌት መኪናውን ጥሎ ካሜራውን አንጠልጥሎ የመጣ ሰው ስለሆነ ደረበ ገና በመጀመሪያው ቀን ወደደው። ሦስተኛዋ ጸዳለ የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ጸዳለ የምታነሳው ወፍ ብቻ ነው። ሰውማ በሥራዬ ይበቃኛል ትላለች።

እዚያ ጥላ ሥር የማይነሳ ነገር የለም። አቧራው እንዳይገባ ሌንስ በምን ይጠቀለላል፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ስንት ክረምት ያገለግላል፣ የቀትር ፀሐይ ፊትን ሲያጠቁር ምን ይደረጋል? ሐሚድ በቀትርም ቢሆን ፍላሽ ተኩስ ባይ ነው፤ ከባርኔጣ ሥር ያለ ዓይን የሚወጣው በእሱ ነው ይላል። የደረበ ሃይማኖት ደግሞ አምሳ ሚሊ ሜትሩ ሌንሱ ነው። ሌንሱን ሙሉ በሙሉ ከፍተህ ወደምትፈልገው ነገር ተጠጋ፣ ጀርባውን አደብዝዘህ አጥፋው፤ ምክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ያርፋል። ጸዳለ ጀርባውን ሁሉ እያጠፋህ መተማ ላይ መነሳታችንን በምን እናውቃለን እያለች ትቀልድበት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሐሚድ ስለ ፍላሹ መከረው። ፍላሹ በአውቶ ሲሆን የሚበራው አንዴ አይደለም፤ መጀመሪያ ብርሃኑን ለመለካት ትንሽ ብልጭ ይላል፣ ዋናው ከዚያ ይከተላል። ዓይናቸው ፈጣን የሆነ ሰዎች በትንሹ ይጨፍኑና ዋናው ሲበራ እንደጨፈኑ ይነሳሉ። ስለዚህ አንዴ ብቻ እንዲበራ ማኑዋል ላይ አድርገው አለው። ደረበ ሳቀ። በሁለቱ ብልጭታ መካከል ያለውን ጊዜና የዓይን ቆብ የሚንቀሳቀስበትን ፍጥነት አሸዋው ላይ በእንጨት ጽፎ አሰላና፣ የማይሆን ነገር መሆኑን አሳየው። ሐሚድ አሸዋውን አይቶ ትከሻውን ነቀነቀ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት፣ ሰሊጥ አጨዳው ሲጧጧፍ፣ ሁለቱ ከኮኪት ወዲያ ወዳለ አንድ እርሻ ሄዱ። ደረበ ቀኑን ሙሉ ነዶ ሲያነሳ ዋለ። የተከፈተ የሰሊጥ ፍሬ፣ ማጭድ የያዘ እጅ፣ ነዶ ላይ ያረፈ አንበጣ። አመሻሽ ላይ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ አንድ ሃያ ዓመት ገደማ የሚሆነው አጫጅ መጣ። ከጀሪካን ውኃ ቀድቶ ፊቱን ታጥቧል፤ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፏል። ስሜ ቢያድግልኝ ነው አለና ለእናቱ የሚልከው አንድ ፎቶ እንዲያነሳው ለመነው።

ብርሃኑ ስለሄደ ደረበ ፍላሹን ሰካ። አነሳው፤ ዓይኑ ተጨፍኗል። ደገመው፤ ተጨፍኗል። ሠለሰው፤ አሁንም ያው ነው። ሌሎቹ አጫጆች ሳቁ፣ ልጁም አብሯቸው ሳቀ። ሐሚድ ከኋላ ሆኖ፣ በአረብኛ መምህር ብሎ በመጥራት፣ "ያ ኡስታዝ፣ ማኑዋል" አለው ቀስ ብሎ። በሰው ፊት መታረሙ የደረበን ደም አፈላው። ሦስቱንም ፎቶ እዚያው አጠፋቸውና የተበላሸ ፎቶ ከእጄ አይወጣም፣ ቅዳሜ ከተማ ና፣ በቀን ብርሃን በደንብ አነሳሃለሁ አለው። ቢያድግልኝ እሺ መምህር ብሎ ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። መንገድ ላይ ሚሞሪ ካርዱ አልነበብ ሲለው የደረበ ንዴት ባሰ። ቤቱ ሲገባ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው።

ቅዳሜ ልጁ አልመጣም። ደረበም እንዳልመጣ ልብ አላለም። እንዲያውም ረሳው፤ ነገሩ እንዲህ ነው፣ አሳምሮ መናገር አያስፈልግም።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ሰሞን፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ካሜራ ያለው መምህር እያሉ ሲጠይቁ ባጃጅ ነጂዎቹ ሐሚድ ቤት አደረሷቸው። አቶ እንግዳው ይባላሉ፤ ከጎጃም፣ ከደጋ ዳሞት ነው የመጡት። ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር ሦስቱም ጥላው ሥር ነበሩ። ደረበ ወንበሩን ለቆ አስቀመጣቸው። ውኃ ጠጥተው ሲያበቁ ቢያድግልኝ የሚባለው አጫጅ አባት መሆናቸውን ነገሩት።

ልጁ ከቤት የወጣው በአሥራ አራት ዓመቱ ነው። የሰሊጥ አጫጆችን ተከትሎ ቆላ ወረደና ለከርሞ እመጣለሁ፣ ለከርሞ እመጣለሁ እያለ ስድስት ዓመት ቆየ። በመጨረሻ ሐሙስ ዕለት ደውሎ ለእናቱ፣ አንድ መምህር ፎቶ አንስቶኛል፣ ይዤልሽ እመጣለሁ አላት። ቅዳሜ ትኩሳት ጣለው። በሳምንቱ እርሻው አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በዚያው ሰሞን ስልኩም መንገዱም ስለተዘጋ መርዶው ቤቱ የደረሰው ከወራት በኋላ ነው። በአገራቸው ለቅሶ ላይ የሟቹ ልብስና ፎቶ ይዘረጋል። እነሱ ግን ያላቸው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቁምጣ ብቻ ነው።

"እኛ የምናውቀው ሕፃኑን ነው" አሉ አቶ እንግዳው። "ጎልማሳ ፊቱን አላየነውም። እናቱ የማንን ፊት ላልቅስ ትለኛለች። ተመምህሩ ዘንድ አለ ብላ ላከችኝ።"

ደረበ አጥፍቼዋለሁ ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው። "አለ አባቴ። በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ይምጡ፣ አሳትሜ እጠብቅዎታለሁ።"

ሽማግሌው መርቀውት ሄዱ፤ ልጃቸው የተቀበረበትን ሊሳለሙ ወደ እርሻው ወረዱ። ጸዳለ ደረበን ትክ ብላ አየችው፤ እውነቱን ታውቃለች፤ ሐሚድ ያን ጊዜውኑ ነግሯታል። ደረበ ወደ ቤቱ ሮጠ።

በመጀመሪያ የዚያን ቀን ሌሎች ፎቶዎች ፈለገ፤ ቀትር ላይ እርሻው ድረስ ይዞት ወደ ሄደው ኮምፒውተር የገለበጣቸው ሁለት መቶ ያህል ነበሩ። ቢያድግልኝ በብዙዎቹ ውስጥ አለ። ከነዶው ጀርባ፣ ከማጭዱ ጀርባ፣ ከአንበጣው ጀርባ። ሸሚዙን በቀለሙ ለየው። ፊቱ ግን በሁሉም ላይ ጭጋግ ነው፤ ደረበ በገዛ ሌንሱ አጥፍቶታል። አንዱን እያጎላ፣ እያጎላ ሄዶ ጭጋጉ ውስጥ አፍና አፍንጫ ሲፈልግ ቆየ። በስተመጨረሻ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ካርዱን ያስታወሰው ሐሚድ ነው። የጠፋ ፎቶ ሌላ ካልተደረበበት ይመለሳል አለው። መሳቢያው ተገለበጠ፣ ካርዱ ተገኘ፣ ሐሚድ አንድ ፕሮግራም ጫነና ለሁለት ቀን ታገለው። ከሦስቱ አንዱ ሙሉ ሆኖ ወጣ። የታጠበ ፊት፣ እስከ አንገት የተቆለፈ ሸሚዝ፣ ትንሽ ፈገግታ፣ የተጨፈኑ ዓይኖች። ጸዳለ አየችውና ፊቷን አዞረች። እንዲህ ያለ ፊት በየሳምንቱ አልጋ ላይ አያለሁ አለች፤ ቢሆንም እንዳለ ስጣቸውና ሲስቅ የተነሳ መሆኑን ንገራቸው ብላ መከረችው።

ደረበ እንቢ አለ። ልጃቸውን ሬሳ አድርጌ አልሰጣቸውም ነው የሚለው። ሐዘኔታ አለበት፣ አይካድም። ግን የተበላሸ ፎቶ ከእጄ አይወጣም የሚለው ያ ኩራቱም ገና አልሞተም ነበር።

ዓይን መክፈት ይቻላል፤ ሐሚድ ለሠርግ ፎቶ ብዙ ጊዜ ሠርቶታል። ግን ዓይኑ የሚወሰደው ከዚያው ሰው ሌላ ፎቶ ላይ ነው። የቢያድግልኝ ሌላ ፎቶ የለም። በስልክ ዓይን የሚከፍት ፕሮግራም ሞከሩ፤ የአሻንጉሊት ዓይን አወጣ። ያኔ ደረበ በዚያው ሌንስ፣ በዚያው ፍላሽ፣ በዚያው ሰዓት የተነሳ የሌላ ሰው ዓይን እንደሚያስፈልግ ገባው። ሐሚድን ተቀመጥልኝ አለው።

"ወላሂ የኔን አልሰጥም" አለ ሐሚድ። "የሰው እናት በኔ ዓይን ታልቅስ?"

ስለዚህ ደረበ ራሱ ተቀመጠ። ፍላሹን ማኑዋል ላይ አደረገው፤ ሐሚድ እያጉረመረመ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነለት። አንድ ጊዜ ብቻ በራ። የደረበ ዓይኖች ወለል ብለው ተከፍተው ወጡ።

ቅዳሜን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ዋለ። ቆቡን ከቆቡ አገጣጠመ፣ ጥላውን አለሰለሰ፣ ብሌኑ ላይ ያረፈችውን የፍላሽ ነጥብ ቦታዋን አስተካከለ። ሥራው እንከን አልነበረበትም። አመሻሽ ላይ ጸዳለ መጥታ ብዙ አየችው። "ይሄ ማነው?" አለችና መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥላው ሥር አልመጣችም።

እሑድ አቶ እንግዳው መጡ። ፎቶውን ከመቀበላቸው በፊት እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ረጅም ጊዜ አዩት። አገጩን በጣታቸው ነኩት፣ ጺሙ የበቀለበትን ነኩት፣ እንዲህ አድጎ ኖሯል አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ዓይኖቹ ላይ ቆሙ።

"ዓይኑ የናቱ ነው" አሉ። እንባቸው ወረደ።

ደረበ ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። ሐሚድ እንኳ እንዲናገር ብሎ ጀርባውን ሰጥቷቸው ነበር። አልተናገረም። ሽማግሌው ጉልበቱን ሊስሙ ሲያጎነብሱ አንስቶ ያዛቸው።

ከዚያ ወዲህ ደረበ የሰው ፊት አያነሳም። ተማሪዎቹ መምህሩ ሲያስተምር ሰሌዳውን እንጂ እነሱን እንደማያይ ያወራሉ። ጠዋት ጺሙን የሚላጨው በመዳበስ ነው፤ መስታወት ውስጥ የሚያየው ማን እንደሆነ አያውቅም። ዓይኑን በታጠበ ቁጥር በማያውቀው ደጋ፣ በማያውቀው ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ የምታለቅስ ይመስለዋል። ሴትዮዋም በእውን አለች፣ የልጁ እናት ናት፤ የፈጠራት እሱ አይደለም። በየበዓሉ ትደውልለታለች። ፎቶውን ምሰሶው ላይ ሰቅላዋለች። ጓዳ ብገባ፣ ደጅ ብወጣ ያየኛል፣ የሚነግረኝ ነገር ያለው ይመስላል፣ ምን ይሆን ልጄ ብላ ጠየቀችው አንድ ጊዜ።

በቀደም ደወለች። ፎቶው ስለተገኘ ሳይለቀስ የቆየው ለቅሶ በዳግማዊ ትንሣኤ ሊለቀስ ነው። አገር ይሰበሰባል፤ ፎቶው መሐል ይቆማል። ደረበም እንዲመጣ ትፈልጋለች። ትምህርቱን፣ ፈተናውን ቆጠረላት። መንገዱም አያስተማምንም አላት።

"መንገዱማ ተከፍቷል፤ የልጄ አባት የመጣው በሱ አይደል?" አለችው። "የልጄን ፊት የሰጠኸኝ አንተ ነህ። ተፎቶው ጎን አቁሜህ፣ አገር እያየ ልመርቅህ። ሁለታችሁን ጎን ለጎን ሳላይ እንዳልሞት።"

"እሺ እናቴ" አለ ደረበ፣ "እመጣለሁ።"