ያነበብኩላቸው ቃለ ጉባኤ

በደርግ ዘመን ጂማ ውስጥ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ «ተረጂዎችና አስታማሚዎቻቸው በውሳኔ መሳተፋቸውን መገምገም» ይባል ነበር። እንዴት እንደምገመግም ልንገራችሁ፦ ቃለ ጉባኤውን ከስብሰባው በፊት ጽፌ በታይፕ አስመታዋለሁ። ሁላችንም እንዲያ ነበር የምናደርገው። ለስብሰባው የሚቀረው አሻራ ማስደረግ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ አቅመ ደካሞችን አሰንዳቦ ከተማ በተከፈተ ማቆያ ለማኖር ታሰበና እዚያው ጂማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ስብሰባ ጠራን። ከፊት አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ከሚወሰዱት አንዱ ባላቸው ናቸው፤ ልብስ ሰፊ የነበሩት ሰውዬ ጎናቸው ሽባ ሆኖ አንደበታቸው ከተዘጋ ቆይቷል።

«ያ ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «እሱ ውሃ ሲጠማው በዓይኑ ነው የሚነግረኝ። ወላሂ፣ ከኔ በቀር የሚያውቅለት የለም። ከወሰዳችሁት እኔንም አብራችሁ ውሰዱኝ፤ ካልሆነ እዚሁ ተዉልኝ።»

«ተመዝግቧል እናቴ» አልኳቸው። እስክሪብቶዬን እንኳ ከኪሴ አላወጣሁም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ሆዴ ይጮህ ነበር። እሳቸው ልባቸው አርፎ አሻራቸውን አኖሩ። በግምገማዬም ላይ «ተረጂውና አስታማሚዋ በነፃነት ተሳትፈዋል» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አመሰገነኝ፤ ተኮፈስኩ። ዛሬ ይህን ስጽፍ ፊቴ በእፍረት ይነዳል።

ባልየው ብቻቸውን ተወሰዱ።

ከሁለት ወር በኋላ እናቲቱ ቢሮዬ መጡ። ከአሰንዳቦ መመለሳቸው ነው፤ ነጠላቸው አቧራ ጠጥቷል።

«ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት» አሉ። «ውሃው አጠገቡ ተቀምጧል፤ አንስቶ የሚያጠጣው የለም።»

ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የተቆጡት በማቆያው ሰዎች ላይ ነው።

«አንተማ ቃሌን ጽፈህልኛል። እነሱ ናቸው ያላነበቡት። እስቲ አንብብልኝ፤ ምናልባት እኔው ተሳስቼ ተናግሬ እንደሆነ።»

ፋይሉን አወጣሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው «በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» የሚለው የኔው ቃልና ከሥሩ የሳቸው አሻራ ነው። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ግን ፈራሁ። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ፣ ጣቴን በመስመሩ እያስኬድኩ፣ «ውሃ ሲጠማው በዓይኑ ነው የሚነግረኝ» ብዬ አነበብኩላቸው። «ከወሰዳችሁት እኔንም አብራችሁ ውሰዱኝ» አልኩ። ለካ ቃል በቃል አስታውሰው ኖሯል።

ራሳቸውን እየነቀነቁ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«አዎ፣ ልክ እንዲሁ ነው ያልኩት» አሉ። «አላህ ይስጥህ ልጄ። ከሁሉም የሰማኸኝ አንተ ብቻ ነህ።»

«አሚን» አልኳቸው።